የልጄን ማለቢያ በወይራ ያጠንኩ ቀን

ፕላስቲክ በወይራ አታጥኑ። ቁም ነገሬ ይኸው ነው፤ ጉዳይ ያለበት ሰው እዚህ ላይ ተሰናብቶኝ ቢሄድ አልቀየመውም። ጊዜ ያለው ግን ይቀመጥ፤ ነገሩ የፕላስቲክ ብቻ ሆኖ አልቀረምና።

እኔ የቢቸና ሰው ነኝ። የተማርኩት ለማንበብና ለመጻፍ የሚበቃኝን ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ልጆቼ ተማሩልኝ። የመጨረሻዋ ልጄ ማስተዋል ሞጣ ላይ የመንግሥት ሥራ ይዛ፣ አግብታ፣ ሶስናን ወለደች። ባሏ አስተማሪ ነው። የተመደበው ሉማሜ ስለሆነ ሚስቱንና ልጁን የሚያየው መንገዱና ርእሰ መምህሩ ሲፈቅዱለት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ባንድ ቀን ተስማምተው አያውቁም። እናም የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል «እማ፣ ነይልኝ» ብላ ደወለችልኝ። መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ ነበርና በተከፈተ ማግስት ጓዜን ጠቅልዬ ተሳፈርኩ።

ስለ ጉዞው ብዙ አልልም። ደብረ ወርቅ ላይ ረዳቱ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር አራተኛ ሰው ሊያጣብቅብን መጣ። «እሺ፣ ይጨመር፤ ግን ጥበቱ ለሁሉም እኩል ይድረስ፤ ጋቢና ያሉትም ይጠጋጉ» አልኩት። ጋቢና የተቀመጡት የሹፌሩ ወዳጆች ነበሩ። መኪናው ጥቂት ቆመ፣ ጥቂት ተነታረክን፣ በመጨረሻ ጋቢናውም ተጣበበ። ማንም አልተመቸውም። እኔ ግን ጉልበቴን አገጬ ስር አድርጌ ደስ ብሎኝ ሞጣ ገባሁ።

ማስተዋል ሥራ ልትገባ ዋዜማው ላይ አንድ ዕቃ አውጥታ አሳየችኝ። ጥሩንባ የሚመስል የፕላስቲክ አፍ አለው፣ እጀታ አለው፣ ከሥሩ ያው የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ እንደ ጥፍር የሳሳች ነጭ ጎማ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ፓምፕ ነው እማ። ቢሮ ሆኜ ወተቴን አልብበትና ምሳ ሰዓት ይዤልሽ እመጣለሁ። ከሰዓት አንቺ ታጠጫታለሽ።»

«ማለቢያ በይኛ።»

«እሺ፣ ማለቢያ።»

«ታዲያ ላሟም አንቺ፣ አላቢዋም አንቺ?»

«ጥጃዋ ግን ያንቺ ናት» አለችና ሶስናን አስታቀፈችኝ።

ዕቃውን የሰጠቻት ባሕር ዳር ያለች ጓደኛዋ ናት፤ የራሷን ልጅ ጡት ስታስጥል። ሞጣ ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ አይሸጥም። ቢቸናም አይሸጥም፤ ቢሸጥ ኖሮ ግን ጥሩው ይሸጥ ነበር።

ሐቁን ልናገርና መጀመሪያ ላይ ናቅኩት። «እኛ እናንተን ስናሳድግ ማለቢያ የት ነበር?» አልኳት።

«እናንተ አዝላችሁን ነበር ማሳ የምትወርዱት። እኔ ሶስናን አዝዬ ቢሮ ብሄድ ጥበቃው ከበር ይመልሰኛል።»

ይህን ስትለኝ ተነሥቼ ምስር ለቀምኩ። ክርክር ስረታ ምስር መልቀም ልማዴ ነው።

ነገሩ ግን ሠራ። ጠዋት የእናቷን ጡት ጠጥታ ቤት የቀረችው ሶስና ከሰዓት ስትነጫነጭ፣ እናቷ በምሳ ሰዓት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችውን ወተት በኩባያ ቀስ እያደረግሁ አጠጣታለሁ። ኩባያውን ስታይ እግሯን ትወራጫለች። የእናቷ ጡት ከቢሮ ድረስ እጁን ዘርግቶ የሚያጎርሳት ይመስለኝ ጀመር፤ መናቄንም ቀስ ብዬ ረሳሁት።

ታዲያ አንድ የጠራራ ቀን ወተቱ ተበላሽቶ መጣ። ሶስና ቀምሳ ፊቷን አዞረች። አሸተትኩት፤ ሆምጥጧል። የእናት ወተት ሰው በሚረግጠው አይደፋምና ከጓሮ ወስጄ ከጌሾው ሥር አፈሰስኩት። ማስተዋል ማታ ሰምታ ዓይኗ ውኃ ሞላ።

«የት ቁጭ ብዬ እንዳለብኩት ብታውቂ» አለች። የት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የእኔ ሐሳብ ዕቃው ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር ወተት ካልታጠነ ዕቃ አይገባም። ቅሉ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ይጣልና ቅሉ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ጢሱን እስኪጠግብ ይጠጣል። ወይራ የጠጣ ቅል ወተቱን ያቆያል፤ ቅቤውንም ያጣፍጣል። ባልታጠነ ዕቃ የምታልብ ሴት ሙያ የላትም ተብላ ጎረቤት ከሷ ወተት አይበደርም። ልጄ ይህን እያወቀች፣ ባሕር ዳር ያለችውም ያላጠነችውን፣ እሷም ያላጠነችውን ጠርሙስ ይዛ ትመላለሳለች። ታዲያ ወተቱ ለምን ተበላሸ ይባላል?

እሑድ ማስተዋል ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ ከሰል አያያዝኩ። ማለቢያውን ፈታትቼ አጠብኩ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁ። ወይራውን ጣልኩና ጠርሙሱን ደፋሁበት፤ ጥሩንባውን ከጎኑ፣ ጎማዋን ደግሞ እንዳትጠፋ ከማንደጃው ከንፈር ላይ አስቀመጥኳት። ጢሱ ጠርሙሱ ውስጥ ሲገባ ያምር ነበር። ጎሽ፣ አሁን ዕቃ ሆንክ እያልኩ ሳለ ሶስና ከመኝታዋ አለቀሰች። ሄጄ አነሣኋት፣ ጨርቋን ቀየርኩላት፣ ትንሽ አጫወትኳት።

ስመለስ ጠርሙሱ አንገቱን ደፍቶ እንደ ንስሐ ገቢ ቆሟል። ጥሩንባው አፉን ገጥሞ አንድ ጎኑን አኩርፏል። ጎማዋ የለችም፤ በነበረችበት ቦታ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ ቀርታለች። ጠርሙሱን ላቃናው ብዬ ያዝኩትና ጣቴ ተለጠፈበት። ጣቴን ሳላቅቅ ጠርሙሱ እንደ ማር ተሳበ። በቤቱ ውስጥ ያለው ሽታ የወይራም የወተትም አልነበረም፤ ጎማው የተቃጠለ የጭነት መኪና ከቤታችን በር ቆሞ ይመስል ነበር።

ደብቂው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ነገር ግን ለአራተኛ ሰው ጥበት መኪና ያስቆመች ሴትዮ የራሷን ጥፋት አልጋ ሥር ብትከት ከማን ትሻላለች? ትሪ ላይ አድርጌ ጠረጴዛ መሀል አኖርኩትና እንደ ለቀስተኛ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ማስተዋል ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆመች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ምንድን ነው እማ?»

«አጠንኩት።»

«ለምን?»

«ወተቱ እንዳይበላሽ።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ አለች፣ ጠማማውን ጥሩንባ አንሥታ በጣቷ አፉን ዳሰሰችው። «ነገ ሥራ ነው» አለች።

ለባሕር ዳሯ ጓደኛዋ ደወለች። ጓደኛዋም ሌላ ፈልጋ ልትልክ ተስማማች፤ መንገድ ሲከፈት። መንገዱ በዚያው ሰሞን እንደገና ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት አይወራም፤ ግን ላውራው። ማስተዋል በእጇ ለማለብ ሞከረች። መጀመሪያ ጡቷ ተወጥሮ ልብሷን እያረጠበ ተመለሰች፤ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ደራርባ። ቀጥሎ የሚመጣው ወተት ከኩባያው ወገብ አልፎ የማይወጣ ሆነ፤ ቀጥሎ ሥሩን ብቻ የሚሸፍን። ወተት የሚጠራው ካጣ ይቀራል፤ ይህንን ላም ያለባት ሁሉ ታውቀዋለች። ሶስና ኩባያውን ጨርሳ ወደ ውስጥ አተኩራ ታያለች፤ ቀጥሎ እኔን ታያለች። ዱቄት ወተት ግዙ ያለን ሰው ነበር። ማስተዋል ዱቄቱን አልናቀችም፤ «የእኔ እያለ ለምን?» ነው ያለችው። ዓርብ ማታ ደግሞ «ሥራውን ልተው መሰለኝ እማ» አለች። ያን ሥራ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደተማረች የማውቀው እኔ ነኝ።

«አትተዪም» አልኳት። «ማለቢያውን ያጠፋሁ እኔ ነኝ፤ የምተካውም እኔ ነኝ።»

ሰኞ ረፋድ ላይ ሶስናን አዝዬ፣ ጥላዬን ዘርግቼ ቢሮዋ በር ደረስኩ። ጥበቃው መካከለኛ ዕድሜ ያለው፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

«እማማ፣ ምን ጉዳይ ነበረዎት?»

«ምሳ ላደርስ ነው።»

«ምሳው የታለ?»

«ምሳው ውስጥ ነው። በላተኛዋ ናት ጀርባዬ ላይ ያለችው።»

ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን በሩን አልከፈተም። «ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እኔ የታዘዝኩትን ነው። ልጥራልዎት?» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ማለቢያ ያጠኑት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ሞጣ ላይ ወሬ መንገድ አይዘጋበትም። «እኔ ነኝ» አልኩት።

ማስተዋል እየሮጠች ወጣች። ከአጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው ነጠላዬን ዘርግቼ ፊታቸው ቆምኩ። ባለጉዳዩ ይገባል፣ ይወጣል፣ አንገቱን ያሰግጋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኛ ዘንድ እናት ከፀሐይ ስትገባ የመጀመሪያውን ወተት ጨምቃ ትደፋለች፤ ፀሐይ የመታው ጡት ሆድ ይነፋል ይባላል። እኔም ከልማዴ «ፀሐይ መቶሻል፤ መጀመሪያውን አፍስሺው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እማ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

እንደዚህ ያለ ቃል ሰው ከመታው በኋላ ነጠላ ይዞ መቆም ቀላል አይደለም። ግን ቆምኩ። ሶስና ጥቂት ጠጣች፣ ጥቂት አለቀሰች፤ ማስተዋል ሰዓቷን እያየች ገባች።

ጥበቃው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ወንበሩን አቀረበልኝ። «ይገርማል» አለ፣ «ውስጥ ማቆያ እያለ።»

«የምን ማቆያ?»

«የሕፃናት ማቆያ። በሩ ላይ ተጽፎበታል። አልጋ አለው፣ መጫወቻ አለው፣ አበባ አለው።»

«ሕፃናትስ?»

«ሕፃንማ አይገባበትም፤ ይቆሽሻል። ከበላይ ጎብኚ ሲመጣ ተከፍቶ ይታያል፤ ጎብኚው ሲሄድ ይቆለፋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቶቹማ ሽንት ቤት ነው የሚያልቡት።»

የት ቁጭ ብዬ እንዳለብኩት ብታውቂ ያለችው አሁን ገባኝ። ተነሣሁ። ጥበቃው ፊቴን አይቶ ይሁን ወንበሩን ለመመለስ ፈልጎ አላውቅም፣ ዞር ሲል ገባሁ።

የቢሮው ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ ማቆያው ይከፈት አልኩት። «እናታችን፣ በጣም ልክ ነዎት። እኔ አልከለከልኩም፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው» አለኝ። እጄን ይዞ እስከ በሩ ሸኘኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳስበው ሰውየው እሺም እምቢም ሳይለኝ አስወጥቶኛል።

ንብረት ክፍል ወይዘሮ ደብሬ የሚሏት ሴት ተቀምጣለች። ከእኔ ታንሳለች፤ የጡረታ ደጃፍ ላይ ናት። ቁልፎቹን በገመድ ወገቧ ላይ አስራቸዋለች። ጉዳዬን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አልከፍትም» አለች።

«ኃላፊው አልከለከልኩም ብሏል።»

«እሱ አይከለክልም። የምከለክለው እኔ ነኝ።»

እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው እወዳለሁ፤ ግን ለሌላ ቀን። «ፍርድ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ፍርድ አሉኝ?» አለች። «እማማ፣ እኔ እዚህ ቤት እየሠራሁ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ። ማቆያ አልነበረም፣ ፓምፕ አልነበረም። ደረቴን በፎጣ አስሬ ነው የዋልኩት። ሽንት ቤት ገብቼ በእጄ ስጨምቅ እያንኳኩብኝ ወተቱ ይሸሽ ነበር። ለሁለተኛው ልጄ ጡቴ በሦስተኛ ወሩ ነጠፈ፤ ልጁ የኔን ጡት ትቶ የሰው ላም ወተት ነው የጠጣ። ከኔ በኋላ የወለዱትም እንደዚሁ። ያን ጊዜ ለማን ተከፈተ? ያንቺ ልጅ ከኛ በምን ትበልጣለች?» በንዴቷ እርስዎ ማለቱን ረስታዋለች። «ፍርድ ካልሽ ለሁላችንም እኩል ነው።»

በሕይወቴ ሙሉ ስለው የኖርኩትን ነገር ነው መልሳ የሰጠችኝ። ጋቢናውን ያጣበብኩት እኔ፣ ያለ ማለቢያ አሳድገናል ብዬ በልጄ የተመጻደቅሁት እኔ። ሶስና ጀርባዬ ላይ ትነጫነጫለች። ለመሄድ ዞርኩ፤ እግሬ ግን አልሄደልኝም። ከፊቷ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጁ አሁን እንዴት ነው?» አልኳት።

ይህን የጠበቀች አልመሰለኝም። «ደህና ነው። መርጡለ ማርያም ያስተምራል።»

«ጡትሽ የነጠፈ ቀን ማን አወቀልሽ?»

ቁልፎቹን ያዘች። «ማንም። ለማን ይነገራል?»

«እኔ አሁን አወቅሁልሽ» አልኳት። «የተበደልሽው እውነት ነው፤ ያንን በር ቀድሞ ሳይሠራ የቀረ ሰው በድሎሻል። ዛሬ ግን አንቺ የበዳይሽን በር ትጠብቂለታለሽ። ሳያዝዝሽ፣ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ። እኔም እስከ ዛሬ ጠዋት እንዲያው ነበርኩ፤ እኛ ያላገኘነውን እናንተም አታገኙ እያልኩ ፍርድ ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር። የኔ ማስተዋል ከማንም አትበልጥም። ከሷ በኋላ የምትወልደውም ትግባበት። ካንቺ የጀመረው ግን የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት ደብሬ፤ ከዚች ከጀርባዬ ካለችው በፊት ቢያልቅ ነው የምለው።»

ሰው ሲገባ «ቆይ» ብላ መለሰችው። ከዚያ ተነሣች። እሺ አላለችኝም፤ ቁልፎቿን እያንቀጫቀጨች ቀድማኝ ሄደች።

ክፍሉ ጥበቃው እንዳለው ነበር። ትንሽ አልጋ፣ ፍራሹ ከነላስቲኩ። የፕላስቲክ አበባ። እጅ ያልነካው አሻንጉሊት። ደብሬ ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና ማስተዋልን አስጠራቻት።

ማስተዋል ገብታ ግራ ተጋብታ አየችን፤ ተቀመጠች። ሶስና ጡቱን ያዘች፣ ሳበች፣ ለቀቀች፣ ጮኸች። እንደገና ያዘች፤ እንደገና ለቀቀች። እኔ ከላይ ቆሜ «ቀና አድርጊያት፣ ጀርባሽን ደገፍ አድርጊ፣ ትከሻሽን ልቀቂ፣ አይ እንደዚያ አይደለም» እላለሁ። የማስተዋል ግንባር ላበው። «የለም እማ» አለች ቀስ ብላ። «ነጥፏል።»

«እማማ፣ ይውጡ» አለች ደብሬ።

«ማን? እኔ?»

«እርስዎ። እንዲህ ዘብ ቆመውባት ወተቱ እንዴት ይውረድላት?»

«ክፍሉን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። አሁን ይውጡ።»

ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ፤ በሩን ከኋላችን ገጠመችው። ያን ሁሉ ተሟግቼ ባስከፈትኩት ክፍል መጀመሪያ የተባረርኩት እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከውስጥ ሶስና ታለቅሳለች። ዛሬ እምቢ ካለች ነገ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ ወይ ዱቄቱ ይገዛል፣ ወይ ልጄ ሥራዋን ትተዋለች፤ ሁለቱም የሚጀምሩት እኔ ካነደድኩት ከሰል ነው። አንድ ባለጉዳይ ቁልፍ ሊጠይቅ መጣ፤ ደብሬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ መለሰችው።

ለቅሶው ተቆረጠ። ላያት ብዬ ብድግ አልኩ፤ ደብሬ ነጠላዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። ምንም አይሰማም። እንግዲህ ደክሟት ተኛች አልኩ በልቤ። ቆየት ብሎ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ትንሽ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ። ሕፃን አፉን ሞልቶ ሲውጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ደብሬ ራሷን ወደ በሩ አዘንብላ አዳመጠች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«ወረደላት» አለችኝ።